ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ጠፈር አይወጣም ያለው ማነው?

«ጠፈርተኛ እንከን የለሽ ነው»

ድሮም እንዲህ አልነበረም። ጠፈር የደረሰው የመጀመሪያው አሜሪካዊ አላን ሼፐርድ ከ1961 በረራው በኋላ ሚንየር የሚባል የውስጥ ጆሮ ህመም ያዘው። እያዞረው ሚዛኑን ያስተው ነበር። ናሳም አገደው። በቀዶ ሕክምና ተሽሎት በ1971 ጨረቃን ረገጠ።

«እሱማ ድኖ ነው»

ያልዳኑም ወጥተዋል። እንግሊዛዊው ጆን ጉድዊን ፓርኪንሰን የሚባል እጅ እግር የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ህመም እያለባቸው፣ በ80 ዓመታቸው በ2023 ቨርጂን ጋላክቲክ በተባለው የጠፈር ቱሪዝም ኩባንያ መንኮራኩር በረሩ። በእርግጥ ክብደት አልባ ሆነው የቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ይህና ምድርን በሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ስድስት ወር መኖር ለየቅል ናቸው። ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ነው ክርክሩ የሚበላሸው።

«መንኮራኩሩ ሲፈጥን ሰውነት ላይ የሚያሳርፈውን ጫና ልብ አይችለውም»

የቴክሳስ ተመራማሪዎች ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብና የሳንባ ህመም ያለባቸውን ፈቃደኞች በፍጥነት እየተሽከረከረ ያንን ጫና በሚፈጥር ማሽን ሞከሯቸው። ህመማቸውን በሕክምና የተቆጣጠሩት አብዛኞቹ ቻሉት። አንዳንዱን ያስቸገረው ፍርሃት ነበር።

«ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውማ አይታሰብም»

ለረጅም ጉዞ እስካሁን በሩ ጠባብ ነው፤ ምክንያትም አለው። ስኳር ድንገት ቢወርድ ሆስፒታል የለም። ደግሞ ስበት ሲጠፋ የሰውነት ፈሳሽ ወደ ጭንቅላት ይሸሻል። ታዲያ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ በትክክል ያነባል? ኢንሱሊኑስ ሳይበላሽ ይቆያል? በ2025 አክሲየም 4 በተባለው ጉዞ እነዚህን ጥያቄዎች የሚፈትሽ ሙከራ ወደ ጣቢያው ተልኳል። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ እንቅፋት በሽታው ሳይሆን የመረጃ እጥረቱ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ካልተላኩ መረጃ የለም፣ መረጃ ከሌለ ደግሞ አይላኩም።

«እዚያ ከታመምክ አለቀልህ»

አንድ ጤነኛ ሆኖ የወጣ ጠፈርተኛ ጣቢያው ላይ እያለ በአንገቱ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። የታወቀው በአልትራሳውንድ ነው። ሐኪሞች ከምድር ሆነው አከሙት። መጀመሪያ ጣቢያው ውስጥ በነበረው መርፌ፣ ቀጥሎ በጭነት መንኮራኩር በደረሰለት ክኒን። ተልዕኮውን ሳያቋርጥ ጨርሶ ተመለሰ።