የሐይቅ ዳር ጎልፎች፦ የቨርተርዜ የጂቲአይ ስብሰባና የአድናቂዎቹ ክርክር

በደቡብ ኦስትሪያ፣ ኬርንተን በሚባለው ግዛት፣ ቨርተርዜ የሚባል ሐይቅ አለ። በደቡብ ዳርቻው ራይፍኒትዝ የምትባል ትንሽ መንደር ተቀምጣለች። መንደሯ የምትተዳደርበት የማሪያ ቨርት ማዘጋጃ ቤት ነዋሪ ሁሉ ቢቆጠር ሁለት ሺህ አይሞላም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ በዕርገት በዓል ሰሞን፣ ከመላው አውሮፓ ሰው ይጎርፍባት ነበር። በደህናው ዘመን ቁጥሩ ከመቶ ሺህ ያልፍ ነበር። የሚመጣው ለመዋኘት አልነበረም። ጎልፍ ጂቲአይ የምትባለውን መኪና ለማየትና የራሱን ለማሳየት ነበር።

እኛ ጋ ቮልስ ሲባል ዓይናችን ላይ የምትመጣው ያቺ ጀርባዋ ክብ የሆነችው ናት። ጎልፍ እሷን ለመተካት ቮልስዋገን በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣት መኪና ናት። ጂቲአይ ደግሞ የጎልፍ ፈጣኗ ነች። በ1976 ገበያ ላይ ስትውል 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች። ፋብሪካው መጀመሪያ ያሰበው 5,000 ብቻ ሠርቶ ለማቆም ነበር። የካምቢዮዋ እጀታ የጎልፍ ኳስ ይመስላል፣ መቀመጫዋ የስኮትላንዶች ዓይነት ባለ መስመር ጨርቅ ለብሷል። እነዚህ ሁለት ትንንሽ ነገሮች እስከ ዛሬ የአድናቂ መለያ ናቸው።

ስብሰባው የተጀመረው በ1982 ነው። ያኔ የመጣው መቶ ገደማ መኪና ነበር። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐሳቡ የመጣው ከመንደሩ ሰዎች እንጂ ከፋብሪካው አይደለም። ቮልስዋገን የገባው ኋላ ነው፤ ሲገባ ግን በሙሉ ልቡ ገባ። በ1987 ከግራናይት ድንጋይ የተጠረበ 25 ቶን የሚመዝን ጎልፍ ራይፍኒትዝ ላይ ቆመ። በ2007 ኩባንያው 650 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ባለ 12 ሲሊንደር ጎልፍ ይዞ መጣ። ሞተሯ የተቀመጠው የኋላ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር። ጀርመን ውስጥ ቮልፍስቡርግ ከተማ ያለው የኩባንያው ፋብሪካ የሙያ ሰልጣኞችም ብዙ ዓመት በእጃቸው የሠሩትን መኪና እዚያ አሳይተዋል። ለአንድ ወጣት መካኒክ ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ?

ሰው ግን በዋናነት የሚመጣው እርስ በርስ ለመተያየት ነበር። መኪናው ዝቅ ይላል፣ ሞላው ይቀየራል፣ ቸርኬው ይሰፋል። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ጣት እስከማይገባ ድረስ ይወርዳል። የአየር ሞላ የገጠመው ባለቤት ሲያቆም አየሩን ያስተነፍሰዋል። መኪናዋ «ፍስስ» ብላ ሆዷን አስፋልቱ ላይ ታስተኛለች። ከዚያ ሰውዬው ጨርቁን ያወጣና መንገድ ላይ የጠገበችውን አቧራ ቸርኬ በቸርኬ ይጠርግላታል።

አድናቂው የማይስማማውም እዚሁ ላይ ነው። ለአንዱ ወገን ጂቲአይ ከፋብሪካ እንደወጣች ስትቀመጥ ነው የምታምረው። እንደዚያ የዋለች የመጀመሪያ ትውልድ ጎልፍ ለማግኘት ዓመታት የሚፈልግ አለ። ለሌላው ደግሞ ያልተነካ መኪና ያልተጻፈበት ደብተር ነው። ዝቅ ያለችውን «አትነዳም፣ ቆማ ብቻ ነው የምታምረው» ይሏታል። ባለቤቷ ግን ከሩቅ አገር ነድቷት መጥቷል፤ መልሱ እሱ ነው። እኔ ሥራው ጥንቁቅ እስከሆነ ድረስ ሁለቱንም እወዳለሁ። የማልወደው ብየዳው ያልተስተካከለ፣ ጎማው ቆርቆሮ የሚፈጭ መኪና ነው።

ሕጉም ቀላል አይደለም። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ የመኪናውን ባሕርይ የሚነካ ለውጥ ተመርምሮ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። ፖሊስ በስብሰባው ሰሞን መንገድ ላይ እያስቆመ ከፍታውን ይለካ፣ የማርሚታውን ድምፅ ይፈትሽ ነበር። ያላለፈ ታርጋው ይፈታ ነበር።

የመረረው ክርክር ስለ ጩኸቱ ነው። ከዋናው በዓል በፊት ሳምንታት ቀደም ብለው የሚመጡ ነበሩ። ሌሊት ሞተር ማስጮህ፣ ጎማ ማጨስ፣ ቆሻሻ ጥሎ መሄድ። የመንደሩ ሰው እንቅልፍ አጣ። ብዙ የቆዩ አድናቂዎች በዓሉን የገደሉት እነዚህ ናቸው ይላሉ። ሌሎች የስፖንሰሩ መድረክ እየገነነ ሲሄድ ነው ነፍሱ የወጣው ባይ ናቸው። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። መድረኩን ያልወደደ ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ ይችል ነበር። እንቅልፍ ያጣ ነዋሪ ግን የት ይሄዳል?

በኮቪድ ምክንያት ስብሰባው ከ2020 ጀምሮ ተቋረጠ። በ2023 ማዘጋጃ ቤቱ ከእንግዲህ አናዘጋጅም አለ። ቮልስዋገን በበኩሉ በዓሉን ወደ ቮልፍስቡርግ ወስዶ በሐምሌ 2024 አዲስ የጂቲአይ ፌስቲቫል ከፈተ። ቦታው ሰፊ ነው፣ ዝግጅቱም የተደራጀ። የቨርተርዜ ሐይቅና ተራራ ግን የለውም። ስለዚህ በግንቦት አሁንም ማንም ሳይጠራቸው ወደ ቨርተርዜ የሚነዱ አሉ። ድንጋዩ ጎልፍ አጠገብ መኪናቸውን አቁመው ፎቶ ይነሣሉ።