ሥዕሏ የቡና ሲኒ አይደለም

ባለፈው ሰሞን አንዲት የማውቃት ጠበቃ ደወለችልኝ። ጉዳይዋን የያዘችላት ደንበኛ እኔ ጋ ለወራት ስትሥል ከርማለች። "ሥዕሎቿን አይተሽ ምን እንደደረሰባት ጻፊልኝ፣ ለፍርድ ቤት ላያይዘው ነው" አለችኝ። አልችልም አልኳት።

"እንዴ! ሥራሽ አይደለም እንዴ?"

አይደለም። ይህን ለፖሊስ፣ ለእናቶች፣ ለፕሮጀክት ኦፊሰሮች፣ ለገዛ እህቴ ሳይቀር ስናገር ምላሴ ደርቋል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ልገላገል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው የወጡ ሴቶች በሚያርፉበት መጠለያ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ወረቀት፣ ከለር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅና ጭቃ ዘርግተን እንቀመጣለን። የተመረቅኩት በሥነ ልቦና ነው፤ በሥዕል መሥራትን ከዚያ በኋላ በሥልጠና ነው የተማርኩት። እንግሊዝ አገር ብሆን ኖሮ ራሴን "አርት ቴራፒስት"፣ ማለትም በሥዕል የሚያክም ባለሙያ፣ ብዬ ብጠራ በሕግ እጠየቅ ነበር። እዚያ ስሙ የተጠበቀ ነው፤ በሙያው ተምሮ ለተመዘገበ ሰው ብቻ የሚሰጥ። ስለዚህ "ሥዕል የምታሠራዋ" ብትሉኝ ይበቃኛል። የማነሳቸውን ሴቶች ደግሞ ማንም እንዳይለያቸው ቀያይሬያቸዋለሁ።

ስለዚህ ሥራ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ዋናውን ለመጨረሻ ላቆየውና ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላንሳ።

"የልጆች ጨዋታ ነው።" ልጅ ሲጫወት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቱን ተመልከቱ፤ ከዚያ የበለጠ የምር ሥራ የለም።

"የሚቀባ መጽሐፍ ገዝቻለሁ፣ አርት ቴራፒ ጀምሬያለሁ።" ጥሩ ነው፣ ቀጥይ፤ ያረጋጋል። ሕክምና የሚባለው ግን አብሮሽ የሚቀመጥ፣ እጅሽ ድንገት ሲቆም የሚያስተውል ሰው ሲኖር ነው።

"ካልደማች ጥቃት አይባልም።" በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ሲናገር የአካልን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤንነትንም ይጠቅሳል። ሕጉ ከኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ቀድሞ ሄዷል።

"መሥመር እንኳ ማስመር አልችልም።" ይህን ያላለች ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም። ማንም ደህና አድርጊ አላላትም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ፣ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ፣ ጊሪጃ ካይማል የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 39 ጤነኛ ሰዎችን ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት እንደፈለጉ አሠራቻቸው። ከ4ቱ የ3ቱ ያህል ኮርቲሶላቸው፣ ማለትም የጭንቀት ሆርሞናቸው፣ ቀንሶ ተገኘ። ሥዕል የለመደና ያልለመደ ልዩነት አልነበረውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይም አልተሠራም። ስለዚህ "ሳይንስ አረጋግጧል" ብላችሁ እንዳትለጥፉብኝ። "አልችልም" ለምትለዋ ግን ይበቃታል።

"ሐኪምን ይተካል።" አይተካም! ጆሮዋ የሚደማ ሴት የሚያስፈልጋት ሆስፒታል እንጂ ክራዮን አይደለም። ባሏ ደጅ ቆሞ የሚጠብቃት ፖሊስ ያስፈልጋታል። ሌሊቱን ሙሉ "ልሙት፣ ልሙት" የሚላት ደግሞ ዛሬውኑ የአእምሮ ሐኪም ጋ ትሂድ። እኔ የምመጣው ከነዚህ ጎን ነው፤ በነሱ ፋንታ አይደለም።

"የፈረንጅ ነገር ነው።" ስሙ አዎ። አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው፤ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በተኛበት ሲሥል ቀልሎት። ነገሩ ግን? በኛ አገር ደብተራው በብራና ላይ ጠልሰም ሲሥል፣ እነዚያን አፍጥጠው የሚያዩ ትልልቅ ዓይኖች፣ ክታቡን በታማሚው ቁመት ልክ ያደርገው ነበር። ሕክምና ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሥዕልና ፈውስ አንድ ላይ መነሳታቸው ግን ለኛ አዲስ አይደለም። መጠለያችን ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ወረቀቱን ገፋ አደረጉትና "ልጄ፣ እኔ ይሄ አይሆንልኝም፤ አክርማና ወስፌ አምጪልኝ" አሉ። አመጣሁላቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ሙዳይ ሰፉ። በየመሀሉ እጃቸው ይፈጥንና ስፌቱ ይጠማዘዛል፤ ያኔ ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። በአራተኛው ሳምንት እየፈቱ ማውራት ጀመሩ።

ማውራት ካልኩ ዘንዳ "ለምን ዝም ብላ አትናገረውም?" የሚሉም አሉ። የኛ ሴት ከልጅነቷ የተማረችው "ሆድ ይፍጀው" ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ውስጥ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ምግብ ማሳረር፣ ሳይናገሩ መውጣት፣ የመሳሰለው። ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ። በዚሁ ዳሰሳ አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንግዲህ ምን ብላ ትናገር? "ጥቃት" የሚለው ቃል የኔ ነው፣ የሷ አይደለም። እሷ የምትለው "ትንሽ ተቆጣኝ" ነው። በዚያ ላይ አእምሮም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ እነ ስኮት ራውችና ቤሰል ቫን ደር ኮልክ በጥቂት ሰዎች ላይ የሠሩት የአንጎል ምርመራ ነበር። ሰዎቹ የደረሰባቸውን ክፉ ነገር ሲያስታውሱ ብሮካ የሚባለው የንግግር ክፍል ሥራው ቀንሶ ታየ። አፏ ተያዘ ስንል ቀልዳችን አይደለም።

"ሁሉንም ታውጣውና ይቅለላት" የሚለው አደገኛ ነው። እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ሥራውን ስጀምር፣ ሌላ ቦታ፣ ገና ከባሏ ጋር የምትኖር አንዲት ወጣት ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ቤት ሣለች፤ ጓሮው ላይ ትንሽ በር። ደስ ስላላት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ጣቷ ታስሯል። ወረቀቱን አግኝቶት፣ "ይሄ በር ወዴት ነው የሚያወጣው?" ብሎ ነው የጀመረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ከክፍሉ አይወጣም። ጁዲት ኸርማን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፍላዋለች፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ያለፈውን ማስታወስና ማልቀስ፣ ከዚያ ወደ ሰው መመለስ። ቅደም ተከተሉን ስማርም አውቀው ነበር። ያኔ የገባኝ ግን ከዚያች ጣት ነው። አሁን ለጀማሪዎች የምላቸው ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስለ ደረሰባት ነገር ሣይ አትበሏት። ቀለም ትቀላቅል፣ ጨርቅ ትቁረጥ፣ ጭቃ ትጭመቅ። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ይሁን፤ ቁልፉ የት እንዳለም እሷ ትወቅ። ሥዕሉ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ እሷ ትምረጥ። በስልክ ፎቶ አታንሱ። "መቅደድ እፈልጋለሁ" ካለች ትቅደደው፤ ያ ደግሞ የራሱ ሥራ ነው።

ስለ ኤግዚቢሽንም ልበል፣ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ኅዳር 16 የጥቃት መከላከያው ዘመቻ ሲጀመርና የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። "ሥራዎቻቸውን ፍሬም አድርገን ሆቴል እናሳይላቸው፣ ስማቸው አይጻፍም።" ስም ምን ያደርጋል? ባልየው የሚስቱን እጅ ጽሑፍ፣ የቤቱን መጋረጃ ያውቃል። ቀድሞ የፈለገች፣ ዳኛዋም ጉዳዩን የጨረሰላት፣ ራሷ "ይታይልኝ" ያለች ካለች እሰየው። እስካሁን አንዲት ብቻ ነች እንዲህ ያለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ወደ ሲኒው።

ሲኒ የምታነብ ሴት ታውቃላችሁ አይደል? ቡናው ሲጠጣ ሲኒው ይገለበጣል፣ አተላው ይወርዳል፣ እሷ ታይና "መንገድ አለሽ፣ የሚቀናብሽ ሰው አለ" ትላለች። ሰው ሁሉ የኔን ሥራ እንደዚህ ነው የሚያስበው። ጥቁር ከሆነ ሐዘን፣ ቀይ ከሆነ ደም፣ አፍ የሌለው ሰው ከሆነ የታፈነች፣ እጁ ትልቅ ከሆነ ተመትታለች። በዋትስአፕ የሚላክልኝ የልጆች ሥዕል ስፍር ቁጥር የለውም። "እስቲ እይው፣ አባትየው ነገር አድርጎት ይሆን?"

አንዴ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇ ሰማዩን ቀይ አድርጎ ሣለ ብላ እያለቀሰች መጣች። ልጁን ጠየቅሁት። ሰማያዊውን ታላቁ ወስዶበት ነው። ቀይና ቡኒ ብቻ ነበር የቀሩት።

ለነገሩ ሙያውም ራሱ በዚህ ተታሎ ያውቃል። ጆን በክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1948 ቤት፣ ዛፍና ሰው እያሣለ ሰውን የሚመረምርበትን ፈተና አወጣ። ከዚያ ወዲህ "ይህ ምልክት ካለ እንዲህ ነው" የሚለው አነባበብ በጥናት ሲፈተሽ አልቆመም። ከሥዕል ላይ አንድ ምልክት ነቅሶ "ጥቃት ደርሶባታል" ወይም "አልደረሰባትም" ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጠበቃዬ፣ ወረቀቱን ብታያይዢው የዚያኛው ወገን ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ነው የሚጥልሽ።

ግን ዋናው ምክንያቴ እሱም አይደለም።

ከጎጃም የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ቃል ሳትተነፍስ ወረቀቱን በጥቁር ክራዮን ትሞላለች። ትጫነዋለች፣ ክራዮኑ ይሰበራል፣ በስባሪው ትቀጥላለች። ጣቷ እስከ አንጓው ጠቆረ። ለጉብኝት የመጣ አንድ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ከባድ ዲፕሬሽን" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ያልኩት እሱኑ ነው። እንግዶቹ ሲወጡ ግን "እስቲ አጫውቺኝ፣ ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"የአያቴ ማድ ቤት" አለች።

ጣሪያው ጥቀርሻ ነው፣ ግድግዳው ጥቀርሻ ነው። ማታ ምድጃው አጠገብ ትተኛ ነበር። "እዚያ ማንም አይነካኝም" አለች። ከዚያ ጥጉ ላይ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። ጥቁሩ ተላጠና ሁለት ነጭ ነጥብ ወጣ። "ድመቷ ናት። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው።" ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔ አንብቤላት ቢሆን ኖሮ ያችን ማድ ቤት አፈርስባት ነበር።

አስቡት እስቲ። ይቺ ሴት ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲተረጉማት ኖራለች? ዝም ስትል "ንቀሽኝ ነው።" ስትስቅ "ማንን አስበሽ ነው?" እንቅልፍ ሲወስዳት "ደክሞሽ ነው፣ የት ስትዞሪ ውለሽ ነው?" የምታስበውን የሚነግራት ሁልጊዜ እሱ ነበር። አሁን አምልጣ መጣች፤ አንድ ወረቀት ሰጠናት። እኛ ደግሞ መነጽራችንን አድርገን "እንዲህ ማለትሽ ነው" ልንላት ነው። ከሱ የምንለየው በዲግሪያችን ነው ማለት ነው?

ስለዚህ እህቷ፣ እናቷ፣ ጎረቤቷ የሆናችሁ፣ ሥዕል ብታሳያችሁ "ውይ፣ እንዴት ያሳዝናል" አትበሉ። "ጎበዝ፣ ያምራል"ም ይቅር፤ በሚቀጥለው ጊዜ እናንተን ለማስደሰት ትሥላለች። "አጫውቺኝ" በቂ ነው። ካላወራች አብራችሁ እዩት፣ ሻይ ጠጡ። "ይሄ ባልሽ ነው አይደል?" ብሎ ነገር አይነሳ። ከሆነ ራሷ ትናገራለች፤ ካልሆነ ደግሞ እናንተ ናችሁ ወረቀቷ ላይ ያስቀመጣችሁት።

ለጠበቃዋ የሰጠኋት መልስ አንድ ነው፤ ሴትየዋን ራሷን ጠይቂያት። በየትኛው ቀን እንደመጣች፣ ስንት ጊዜ እንደመጣች፣ በሷ ፈቃድ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ የሷ ነው። ተኮራረፍን፣ ከዚያ ጠየቀቻት። ሴትየዋ እኔ ጋ መጥታ 14ቱንም ሥዕል ወለሉ ላይ ደረደረችው። ቁጭ ብላ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሦስቱን አነሳች፤ ስለ ሦስቱ እሷው በአፏ ለጠበቃዋ ልትናገር።

የቀሩት 11 እኔ ጋ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሳጥኑ ላይ ስሟ የለም፤ ክዳኑ ላይ ዓሣ ሥላበታለች። ለምን ዓሣ እንደሆነ አላውቅም።