የዘርፍ ማኅበራት በጎጃም፦ ለአምራቹና ለሠራተኛው የሚሰጡት ድጋፍ

የዘርፍ ማኅበር በአንድ የምርት መስክ የተሰማሩ ሰዎችና ድርጅቶች የጋራ ጥቅማቸውን ለማስከበርና እርስ በርስ ለመደጋገፍ በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ተቋም ነው። በኢትዮጵያ ነጋዴው በንግድ ማኅበር፣ አምራቹ በዘርፍ ማኅበር ይደራጃል፤ ሁለቱም በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ይገናኛሉ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ንግድ ምክር ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ቢሆንም፣ አምራቾች በየሙያቸው ከወረዳ ተነሥተው በክልል በኩል እስከ አገር አቀፍ ድረስ እንዲደራጁ መንገዱን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። በአማራ ክልል የእነዚህ ማኅበራት የበላይ ምክር ቤት መቀመጫው ባሕር ዳር ነው።

ጎጃም ሲባል በዚህ ጽሑፍ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምን፣ ከጣና ደቡብ ያለውን ሰሜናዊ ክፍል፣ የአዊን አካባቢና የባሕር ዳር ከተማን ያጠቃልላል። ምድሩ በሦስት አቅጣጫ በዓባይ የተከበበ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ድንችና ማር በስፋት የሚመረትበት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የዘይት መጭመቂያዎች፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ይገኛሉ፤ እንጅባራ ላይ የቀርከሃ ዕቃ፣ ባሕር ዳር ላይ ጨርቃ ጨርቅና ቆዳ ይታከሉበታል። ይህን ያህል የሚያመርት አገር እህሉ ሳይፈጭ፣ የቅባት እህሉ ሳይጨመቅ ወደ ሌላ ቦታ ሲጫን መቆየቱ የአካባቢውን አምራቾች ሲያሳስብ የኖረ ጉዳይ ሲሆን፣ ማኅበራቱም ዋና ሥራቸው አድርገው የያዙት እሴት የመጨመሩ ሥራ እዚያው እንዲቀር ማድረግን ነው።

የእጅ ሙያ በጎጃም ረጅም ታሪክ አለው፤ ክብሩ ግን የዘገየ ነው። ማረሻውን የሚሠራው አንጥረኛ፣ ጋቢና ነጠላውን የሚሠራው ሸማኔ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂና ሸክላ የምትሠራው ሴት ኅብረተሰቡ ያለ እነርሱ መኖር የማይችል ሆኖ ሳለ በመገለል ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኞችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። ዘመናዊው ኢንዱስትሪ ወደ አካባቢው የገባው በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ በተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ማስተማር ጀመረ። ፋብሪካና የሙያ ትምህርት ቤት በአንድ ከተማ ጎን ለጎን መተከላቸው ዛሬ ማኅበራቱ በየከተማው ሊፈጥሩት የሚጥሩትን ትስስር ቀድሞ ያሳየ ነው። ፖሊቴክኒኩ ኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ፣ የዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እስካሁን ለዘርፉ ባለሙያ ያፈራል።

ጥሬ ዕቃ፣ ማሽንና ገበያ

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት በመኸር ወቅት የስንዴ ዋጋ ሲረክስ ለዓመት የሚበቃውን ገዝቶ የሚያከማችበት ጥሬ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ክረምት ሲገባ ግን ዋጋው ይወደድና ማሽኑ ከአቅሙ በታች ይሠራል። ማኅበር ሲኖር በጋራ መግዛት፣ ከባንክ ጋር በጋራ መነጋገርና ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ጋር ቋሚ ውል መግባት ይቻላል። መርከብ፣ ጎዛምንና ዳሞት ዩኒየኖች ከአርሶ አደሩ እህል የሚሰበስቡ በመሆናቸው የዚህ ዓይነት ውል ተፈጥሯዊ ተዋዋዮች ናቸው።

የምግብ ዘይት ዘርፍ የግብዓትን ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ ኢንዱስትሪያል በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ ላይም ደብሊው ኤ የተባለው ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተተክሏል። የአካባቢው ኑግና አኩሪ አተር እንዲህ ያለውን አቅም ሊሞላ ስላልቻለ ፋብሪካዎቹ ከውጭ በሚገባ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ላይ ተመሠረቱ፤ ይህም በተራው የውጭ ምንዛሪ ጥገኛ አደረጋቸው። እንዲህ ያለውን ችግር አንድ ፋብሪካ ብቻውን ቢያነሣው የግል አቤቱታ ይሆናል፤ ዘርፉ በአንድነት ሲያነሣው ግን የቅባት እህል ልማት፣ የምርጥ ዘር አቅርቦትና የምንዛሪ ድልድል የፖሊሲ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል።

በዚሁ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተነደፈው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ፓርኩ በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከሚገኙ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርት እንዲቀበል፣ ማዕከላቱም ከአርሶ አደሩ ሰብስበው፣ አጣርተውና አከማችተው እንዲያቀርቡ ታስቧል። በፓርኩ የሚገባው ባለሀብት ብዙውን ጊዜ አቅሙ ጠንካራ ነው። በከተማው ሼድ ውስጥ የሚሠራው ትንሹ ድርጅት ግን ለትልልቆቹ መለዋወጫ፣ ማሸጊያ ወይም የብየዳ ሥራ ማቅረብ የሚችለው የሚያገናኘው ሲኖር ነው፤ ይህን የገበያ ትስስር መፍጠርም ከማኅበሩ የሚጠበቅ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ መሠረት በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና ከ100 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ካፒታል ያለው ድርጅት አነስተኛ ተብሎ ተመደበ። ለዚህ መጠን ላለው አምራች የማሽን መግዣ ብድር ማግኘት የሚያስቸግረው በዋስትና ዕጦት ነው። የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚባለው አሠራር የመጣው ይህን ለመፍታት ነው፤ የፋይናንስ ተቋሙ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ ለአምራቹ ያከራየዋል፣ ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስም ማሽኑ የተቋሙ ንብረት ሆኖ ይቆያል። በክልሉ ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ፣ በአገር ደረጃ ደግሞ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ማኅበር እዚህ ላይ የሚረዳው የሥራ ዕቅዱን በማዘጋጀት፣ የትኛው ማሽን ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ቀድሞ ከገዙ አባላት ልምድ በማካፈልና መለዋወጫው በአገር ውስጥ ስለመገኘቱ በማጣራት ነው። መለዋወጫ የሌለው ማሽን የገዛ አምራች ዕዳውን እየከፈለ ሥራ ፈቶ ይቀመጣልና ይህ ምክር ከብድሩ እኩል ዋጋ አለው።

ሠራተኛውን ማሠልጠንና ማቆየት

አምራቹ በጎጃም አብዝቶ የሚያነሣው ችግር በሙያው የበቃ ሰው ማጣት ነው። በየዓመቱ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራና ከባሕር ዳር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወጣቶች ይመረቃሉ፤ ይሁን እንጂ የተማሩበት ማሽንና ፋብሪካው የሚጠቀምበት ማሽን የተለያየ ከሆነ ምሩቁ ሥራውን እንደገና ሊማር ይገደዳል። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓቱ ለዚህ ያስቀመጠው መፍትሔ የትብብር ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ንድፈ ሐሳቡንና መሠረታዊ ተግባሩን በኮሌጅ ይማርና፣ ዋናውን ልምምድ በድርጅት ውስጥ በባለሙያ ክትትል ያደርጋል። ኮሌጁ በየጋራዡና በየፋብሪካው በር እየዞረ ቦታ ከሚለምን፣ ማኅበሩ አባላቱ ስንት ሠልጣኝ መቀበል እንደሚችሉ አስቀድሞ ቢያሳውቅ ሥራው እጅግ ይቀላል። የሙያ ደረጃዎች ሲዘጋጁና የብቃት ምዘና ሲካሄድም ከኢንዱስትሪው የመጡ ባለሙያዎች መሳተፋቸው ወሳኝ ነው፤ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የምዘና ማስረጃ በአሠሪው ዘንድ የሚታመነው ጥያቄውን ያወጣው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሲሆን ነው።

የሥራ ላይ ልምምድ ሕጋዊ መልክም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ መልመጃ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ ለለማጁ የሚከፈለውን ክፍያና የሥራውን ሁኔታ እንዲገልጽ ያዝዛል። በትንንሽ ሥራ ቤቶች ግን ልጁ በዘመድ ወይም በጎረቤት አማካይነት ይገባና ያለ ውል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ፣ ዕቃ እያቀበለ ሙያውን በዓይኑ ይለምዳል። ከዚህ መንገድ ጎበዝ ባለሙያዎች መውጣታቸው አይካድም፤ ነገር ግን ሥልጠናው የት እንደሚያልቅ ካልታወቀ ለማጁ ለዓመታት ርካሽ ጉልበት ሆኖ ይቀራል። ማኅበር ለአባላቱ አንድ ወጥ የውል ቅጽ ቢያዘጋጅ ወጪው ጥቂት፣ ለወጣቱ የሚያስገኘው ጥበቃ ግን ብዙ ነው።

ሌላው ድጋፍ የአሠራር ማሻሻያ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ካይዘን፣ ማለትም አሠራርን ሳያቋርጡ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ፍልስፍና፣ በትልልቅ ፋብሪካዎችም በጥቃቅን ድርጅቶችም ተዋውቋል። የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው መለየት፣ መሣሪያን በቦታው ማስቀመጥና የሥራ ቦታን ማጽዳት ከባድ ካፒታል አይጠይቅም፤ ሠራተኞች በልማት ቡድን ተሰባስበው የብክነትን ምክንያት ራሳቸው ስለሚፈልጉም ሐሳባቸው የሚሰማበት መድረክ ያገኛሉ። የደኅንነት ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በዱቄት ፋብሪካ የሚበንነው ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፣ ሲጠራቀምም እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ያለ መነጽር የሚበይድ ወጣት ዓይኑን ይጎዳል። የአፍ መሸፈኛ፣ መነጽርና ጓንት በጋራ ተገዝተው ቢከፋፈሉ ዋጋቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድም አባል ይህን ሥራ ለነገ ሊያሳድረው አይገባም።

ሠራተኛን ማቆየት የሚከብደው የጎጃም ሠራተኛ ከእርሻው ገና ያልተላቀቀ በመሆኑ ጭምር ነው። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ብዙዎች ወደ ቤተሰባቸው ማሳ ይመለሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሰሊጥ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማና ሑመራ የመውረድ ልማድ አላቸው። የዓመት ፈቃድን ከእርሻው ወቅት ጋር ማጣጣም፣ ጥገናን በዚያው ጊዜ ማድረግና ለቋሚ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮን በወቅቱ መክፈል ሰውን ያቆያል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከደመወዙ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ ይህን የማይከፍል ድርጅት ለጊዜው የቆጠበ ቢመስለውም ልምድ ያለው ሠራተኛውን ለሌላ ያስረክባል። ሠራተኛውም በበኩሉ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የራሱን ማኅበር የማቋቋም መብት አለው። የአሠሪዎቹ ማኅበር ከዚህ ማኅበር ጋር በኅብረት ስምምነት ሲነጋገር ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በየግለሰቡ ፈቃድ ሳይሆን በታወቀ ደንብ ይመራሉ።

ማኅበራቱ ያለባቸው ችግር

አባልነት በፈቃድ በመሆኑ የማኅበራቱ ገቢ በአባላት መዋጮ ላይ የተመሠረተ ነው። በትንንሽ ከተሞች መዋጮው ስለሚያንስ ቋሚ ጸሐፊና ቢሮ ማቆም ይከብዳል፤ የሥራ አመራሩም የራሱን ድርጅት እያስተዳደረ በትርፍ ጊዜው ያገለግላል። በዚህ ምክንያት በርካታ ሥራዎች የሚከናወኑት ጨረታ፣ ባዛር ወይም የመንግሥት ስብሰባ ሲመጣ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄና በዚያው ዓመት የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለአምራቹ ጉዳይ ትኩረት አምጥተዋል፤ ትኩረቱ ግን ከመንግሥት ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ ማኅበራቱ የአባሎቻቸውን ጥያቄ ወደ ላይ የማድረስ ኃላፊነታቸውን ሊዘነጉት ይችላሉ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃ አይገባም፣ ምርት አይወጣም፣ ሠልጣኝ ወደ ድርጅት አይደርስም፤ ሥራ ሲቆምም ለዓመታት የሠለጠነ ሠራተኛ ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማኅበሩ ከአበዳሪዎች ጋር የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ በጋራ መጠየቅ፣ የአባላቱን ሠራተኞች ስምና ሙያ መዝግቦ መያዝና ሥራ ያለው ድርጅት ሥራ ከቆመበት ድርጅት ሠራተኛ በውሰት እንዲወስድ ማመቻቸት ይችላል።