ከባሕረ ሐሳብ እስከ ሚስጥር ቁጥር፦ የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት በጎጃም ምሳሌ

ኮምፒውተር ሳይንስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ማሽኑ ነው። ትምህርቱ ግን ከማሽኑ በፊት ይጀምራል። አንድን ሥራ ማንም ሰው ቢሠራው እኩል ውጤት እንዲያገኝ አድርጎ በደረጃ ማስቀመጥ ነው ዋናው ጉዳይ። ይህ ደግሞ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪው ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌትን፣ በቃሉ ሲያሰላ ኖሯል፤ ዛሬም ያሰላል።

የ2016 ዓ.ም. ፋሲካን እንፈልግ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2016 ሲደመሩ 7516 ይሆናሉ። ይህ ለ19 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ትራፊው ሲያዝ፣ 11 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ይቀነሳል፤ 10 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ19 አባዝተን ለ30 ስንገድፍ 10 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ ጥቅምት 10 ነው። በዚያ ዓመት ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 8 ስለሆነ 10 እና 8፣ 18። መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባች። ከዚያ ሁለት ወር ተቆጥሮ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት ሚያዝያ 27። ፋሲካም የዋለው በዚያው ቀን ነው።

አልጎሪዝም ማለት ይህ ነው። የሚነሳበት ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ ደረጃ አያሻማም፣ ማለቂያ አለው፣ መልስ ይሰጣል። የሞጣው መሪጌታና የደብረ ማርቆሱ መሪጌታ ሳይነጋገሩ አንድ ቀን ላይ ይደርሳሉ። ቃሉ ራሱ የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከአል-ኽዋሪዝሚ ስም ነው።

አንድን ሥራ የሚሠራ አልጎሪዝም ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነታቸው ግን ይለያያል። በፊደል ተራ የተጻፈ የ1,000 ሰው ስም ዝርዝር አለን እንበል። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚያነብ ሰው እስከ 1,000 ጊዜ ሊያይ ይችላል። መካከሉን ከፍቶ «ከዚህ በላይ ነው ወይስ በታች?» እያለ ግማሹን የሚጥል ሰው ግን በ10 ጊዜ ይጨርሳል። ዝርዝሩ 1 ሚሊዮን ቢሆን እንኳ 20 ጊዜ ይበቃዋል።

ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር በ0 እና በ1 ይይዛል። ይህን ለማስረዳት ከባሕር ዳር ገበያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከመራዊ፣ ከቆጋ መስኖ የመጣ ሽንኩርት በኪሎ 60 ብር ነው እንበል፤ 13 ኪሎ ስንት ያወጣል? በግራ 13ን እያጋመስን ትራፊውን እንተዋለን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 60ን እናጥፋለን፦ 60፣ 120፣ 240፣ 480። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር እንሰርዛለን፤ እዚህ 6 ብቻ ነው። የቀሩት 60፣ 240 እና 480 ሲደመሩ 780 ብር። ይህ ዘዴ በዓለም የፕሮግራመሮች መንደር «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ይጠራል። አሁን የግራውን ዓምድ ከታች ወደ ላይ እናንብብ። ጎዶሎውን 1፣ ተጋማሹን 0 ብለን ስንጽፍ 1101 ይወጣል። ኮምፒውተር 13ን የሚጽፈው እንዲሁ ነው። ማጋመስና ማጠፍ የሚችል ሰው የሁለትዮሽ ቁጥርን አገባዶታል ማለት ነው።

ፊደልም በቁጥር ይቀመጣል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት። ለዚህ ነው በ«ኃይሉ» የተመዘገበ ሰው በ«ሀይሉ» ሲፈለግ «የለም» የሚባለው። ባለጉዳዩ ከሩቅ ቀበሌ ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ ከመፈለጉ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ እንዲያመጣ ማዘዝ ይበቃል። ግን ይህን የሚያስታውሰው አማርኛ የሚያውቅ ፕሮግራመር ነው፤ የእኛ ልጆች ሙያውን እንዲይዙት አጥብቄ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ፕሮግራሚንግ አልጎሪዝምን ማሽን በሚገባው ቋንቋ መጻፍ ነው። ከእነዚህ ቋንቋዎች ፓይተን ለጀማሪ ቀላሉ ነው ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ባሕረ ሐሳብ ለመለማመጃ ይመቻል። «ወንበር» ዋጋው በየዓመቱ የሚለዋወጥ ተለዋዋጭ ነው። «ከ14 ከበለጠ መስከረም፣ ካልሆነ ጥቅምት» ማለት ቅድመ ሁኔታ ነው። ስሌቱን ከ2010 እስከ 2030 ዓ.ም. እየደጋገሙ ማስኬድ ደግሞ ሉፕ ይባላል።

ስህተት፣ በሙያው አጠራር ባግ፣ የሚማሩትም እዚሁ ነው። አንዷን ለዘመን መቀነስ ረሳን እንበል። የ2016 ወንበር 11 ይሆናል፤ አበቅቴው (ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚቀረው) 1፣ መጥቅዑ 29። ሊቃውንቱ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ ይላሉ፤ 1 እና 29ም 30 ናቸው! ነነዌም የካቲት 4 ላይ ትወጣለች፤ እንደ ደንቡ ሰኞ ቀን። ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል፤ ፋሲካ ግን በ14 ቀን ይስታል። ማሽኑ አንዲት ቅሬታ አያሰማም፤ ያዘዝነውን ብቻ ይፈጽማል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚፈተሸው መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ዓመት ነው። ለየት ያሉ ዓመታትም መሞከር አለባቸው። እንደ 2006 ዓ.ም. ወንበር አልቦ (ዜሮ) ሲሆን አበቅቴም አልቦ ነው፤ መጥቅዕ ግን 30 ይባላል። ይህን ያልጻፈ ፕሮግራመር 0 ያገኛል።

በጎጃም ሙያውን መማሪያ ቦታ አለ። ባሕር ዳር ላይ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና በኦንላይን በነፃ ይሰጣል። ኢንተርኔት ግን ሁልጊዜ አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። አልጎሪዝምን ግን በወረቀትና በእስክሪብቶም መማር ይቻላል።

የሳይበር ደህንነት ሦስት ነገር ይጠብቃል፦ ሚስጥሩ እንዳይወጣ፣ መረጃው እንዳይለወጥ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ምስጠራን፣ ማለትም መረጃን ሌላ ሰው እንዳያነበው አድርጎ መለወጥን፣ በሰምና ወርቅ የሚመስሉ አሉ። እኔ ምሳሌው በግማሽ ብቻ የሚሠራ ይመስለኛል። ወርቁን ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ያለ ማንም ፈቃድ ያገኘዋል። በዘመኑ ምስጠራ ግን የአሠራሩ ዘዴ ለሁሉም ይፋ ነው፤ የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው። ሊቅ ቢሆንም ቁልፉ ከሌለው አይፈታውም።

ባለ 4 አሃዝ ሚስጥር ቁጥር 10,000 አማራጭ አለው፤ ባለ 6 አሃዝ 1 ሚሊዮን። አማራጩ ቢበዛም የትውልድ ዓመትን የሚጠቀም ሰው በጥቂት ሙከራ ይገመታል። ደግሞ አብዛኛው ሌባ ቁጥር በመገመት አይደክምም፤ ደውሎ ይጠይቃል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብን ስልክ ውስጥ ስላስገባ፣ ጤፏን ሸጣ ገንዘቧን በስልኳ የምትቀበል እናትም የዚህ ሌባ ዒላማ ሆናለች። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ይላታል። ያ ኮድ የመግቢያ ቁልፍ ነው።

ሕጉ አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ሥርዓት ውስጥ መግባትንና በኮምፒውተር ማጭበርበርን ያስቀጣል። የተወሰደን ብር ማስመለስ ግን ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ስልክ የሚያውቅ ልጅ ካለ፣ ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ ኮድ ማለት ምን እንደሆነ ያሳያት። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ዘግታ፣ የድርጅቱን ትክክለኛ ቁጥር አውጥታ ራሷ እንድትደውል አብሯት ይለማመድ።