«ፍሬምወርኩ ይከላከልልናል» እና ሌሎች ስለ ራስጌ ጥቃት የሚነገሩ ስህተቶች

የድረ ገጾችን ኮድ ለደኅንነት ስመረምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ያገኘሁትን ክፍተት ይዤ ከፕሮግራመሮቹ ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ግን አንድ መልስ ይጠብቀኛል፤ «እሱን ፍሬምወርኩ ይከላከልልናል»። ፍሬምወርክ የሚሉት ድረ ገጽ የሚገነባበትን፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ማዕቀፍ ነው። ሰለቸኝ። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናስቀምጥ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቡ። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ «ለ»፣ ከዚያ «ጉዳዩ»፣ ከግርጌ «ግልባጭ»፤ ሁሉም በየራሱ መስመር ላይ። ዌብ ሰርቨር ለብራውዘር የሚልከው መልስም እንዲሁ ነው። ባለሙያው ሄደር የሚላቸው ራስጌዎች በየመስመራቸው ይሰለፋሉ፣ አንድ ባዶ መስመር ይከተላል፣ ከዚያ ገጹ ይመጣል። መስመርን ከመስመር የሚለዩት ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ናቸው፤ በኮምፒውተር ቁጥራቸው 13 እና 10። ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ሳይመረመር ራስጌ ውስጥ ከገባ፣ እነዚህን ሁለት ምልክቶች የደበቀበት ሰው በእናንተ ደብዳቤ ላይ የራሱን መስመር ይጽፋል። የፈለገውን ኩኪ፣ ማለትም ብራውዘሩ የሚያስቀምጠውን ትንሽ መለያ ጽሑፍ፣ ይተክላል። ደጋግሞ ካስገባቸው ደግሞ ባዶ መስመር ይፈጠርና ከዚያ በታች የጻፈው ሁሉ እንደ እናንተ ገጽ ይነበባል። ማኅተሙ የእናንተ ነው።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ያረጀ ክፍተት ነው» ይሉኛል። አዎ፣ የደኅንነት ተመራማሪው አሚት ክላይን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘርዝሮ ጽፎበታል፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይዞት በሚመጣው መደበኛ የኮድ ስብስብ ላይ ግን በ2016ም በ2019ም ተገኝቷል። «ኤችቲቲፒኤስ አለን» ይላሉ። እሱ የሚቆልፈው በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ያለውን መንገድ ነው፤ አጥቂው የጨመረውን መስመርም ቆልፎ በሰላም ያደርሰዋል። «ቅጹ ላይ በጃቫስክሪፕት እናጣራለን»፤ አጥቂ ቅጻችሁን አይሞላም፣ ጥያቄውን በራሱ መሣሪያ በቀጥታ ለሰርቨሩ ይልካል። «ኤችቲቲፒ 2 ተጠቅመናል» ይላሉ፣ የብራውዘርና የሰርቨር መነጋገሪያ ደንብ አዲሱን እትም ማለታቸው ነው፤ እውነት ነው፣ እሱ ራስጌዎችን በመስመር አይለይም፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ያለው ሰርቨር ከኋላ ላለው ሲያስተላልፍ ወደ 1.1 ይመልሰዋል፤ ያኔ መስመሮቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ፍሬምወርኩ። ፒኤችፒ የተባለው የዌብ ፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጡት 4.4.2 እና 5.1.2 እትሞች በአንድ ጥሪ ከአንድ በላይ ራስጌ እንዳይላክ ከልክሏል። ጃንጎ የተባለው የፓይተን ፍሬምወርክ ራስጌ ውስጥ አዲስ መስመር ካየ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ግማሹ እውነት ይህ ነው። ጥበቃው የሚሠራው ግን ጠባቂው በቆመበት በር ብቻ ነው።

አንድ ድርጅት ኢሜይሎቹ በሙሉ አይፈለጌ እየተባሉ ስለተመለሱበት ጠራኝ። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ደረሰኝ መላክ አቅቷት በየቀኑ ደንበኞች ዘንድ ስልክ ትደውላለች። ከፕሮግራመሩ ጋር ሆነን የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትነው። «ያግኙን» የሚለው ቅጽ ላይ አንድ የኢሜይል አድራሻ መግባት በነበረበት ቦታ አድራሻው አለ፤ ከሥሩ የስውር ግልባጭ መስመር፤ ከዚያ እስከ ማያ ገጹ ግርጌ የሰው አድራሻ ብቻ። አጥቂው በድርጅቱ ስም ለእነዚያ ሁሉ ይልክ ነበር። ፕሮግራመሩ ዝም ብሎ አየው። የፒኤችፒ ጥበቃ የብራውዘር ራስጌ በሚላክበት በኩል ነበር፤ ኢሜይል የሚልከው ተግባር ግን ተጨማሪ ራስጌዎችን በበርካታ መስመር እንዲቀበል የተሠራ ስለሆነ የአጥቂውን መስመር ከፕሮግራመሩ መስመር አይለይም። የዚያ መሥሪያ ቤት ስም ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የጸዳው።

«መስመር ሰባሪዎቹን ፈልገን እንደመስሳለን» የሚሉም አሉ። ይህኛው በተለይ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ይመለከታል። ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ የሚያሠራው ኖድ ጄኤስ 13 እና 10ን ከራስጌ ውስጥ ያጠፋ ነበር። ችግሩ ከማጣሪያው በኋላ መጣ፤ ጽሑፉን ሲልክ የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር ለ256 ተካፍሎ የሚቀረውን ብቻ ያስቀር ነበር። ክፍተቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሲደፈን ማሳያ የተደረጉት ምልክት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ናቸው። እኔ ግን የራሳችንን ገበታ ይዤ አሰላሁ። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ «ል» ቁጥሯ 4621፣ «ሊ» 4618 ነው። ለ256 አካፍሏቸው፤ የሚቀረው 13 እና 10 ነው። «ግ» እና «ጊ»ም እንዲሁ ናቸው፣ 4877 እና 4874። ባልታደሰ ሰርቨር ላይ «ልሊ» ብሎ መጻፍ መስመር መስበር ነበር! ስለዚህ መጥፎውን እየለቀማችሁ አትደምስሱ፤ የሚፈቀደውን ወስኑ፣ ሌላ ነገር የያዘውን ጥያቄ ጨርሶ አትቀበሉ። ተጠቃሚን ወደ ሌላ ገጽ ስትመሩም አድራሻውን ከእሱ አትቀበሉ፤ ቁጥር ወይም ስም ተቀብላችሁ አድራሻውን ከራሳችሁ ዝርዝር አውጡ።

ፍሬምወርኩ ጨርሶ የማይጠየቅበትም ጊዜ አለ። ብዙዎች ጎብኚውን ወደ ኤችቲቲፒኤስ የሚመሩት ፊት ላይ ባቆሙት ኤንጂንኤክስ በተባለው ሰርቨር ነው፤ በመምሪያው መስመር ላይ ደግሞ «ዩአርአይ» የሚባለውን ተለዋዋጭ ይጽፋሉ። ይህ ተለዋዋጭ በአድራሻው ውስጥ በ«%» እየተጀመሩ የተጻፉትን ምልክቶች ፈትቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ የተደበቁት 13 እና 10 እዚያው ሕይወት ይዘራሉ። እንደመጣ የሚያቆየው «ሪኩዌስት ዩአርአይ» ነው። የአንድ ቃል ልዩነት ነው፤ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

የመጨረሻው ጥቃት አዲስ መስመር እንኳን አያስፈልገውም። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ሲባል የሚላከው ማስፈንጠሪያ የድረ ገጹን ስም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከጠያቂው ከመጣው «ሆስት» ራስጌ ነው። አጥቂው በእናታችሁ ኢሜይል ይጠይቃል፤ በሆስት ቦታ የራሱን ድረ ገጽ ይጽፋል። እናታችሁ የሚደርሳቸው መልእክት ከትክክለኛው ሰርቨር የመጣ ነው፤ ሲጫኑት ግን የምስጢር ኮዱ ለአጥቂው ይደርሳል። ጃንጎ ለዚህ ሲል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚፈቀዱ ስሞችን ዝርዝር ይጠይቃል። ፕሮግራመሩ ምን ያደርጋል? ገጹ 400 ስህተት ሲያሳየው ዝርዝሩ ውስጥ ኮከብ ምልክት ያስገባል፤ ትርጉሙ «ማንም ይግባ» ነው። ዛሬውኑ የቅንብር ፋይላችሁን ክፈቱና ኮከቡን ፈልጉ። ካገኛችሁት አጥፉትና በቦታው የድረ ገጻችሁን ስም ጻፉ።