የኩሬ ውሃ ሙቀት ማሳያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓሣ ያለበት ኩሬ ካላችሁ የውሃው ሙቀት ዋና ጉዳያችሁ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ኩሬው ዳር ቆሞ የሚነበብ ማሳያ፣ ማለትም ስክሪኑ በሳጥን ውስጥ ሆኖ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር በገመድ ውሃ ውስጥ የሚገባበት፣ መሥራት ልፋቱ አያስቆጭም። ችግሩ፣ ስለ አሠራሩ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አለመሆኑ ነው።

«ሳጥኑን ግጥም አድርጎ በሲሊኮን መድፈን በቂ ነው።»
ብዙ ማሳያ የሚበላሸው በዚህ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተርና በጥቃቅን ክፍተቶች የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አብሮት እርጥበት ይገባል። ሌሊቱን ስክሪኑ ከውስጥ ጭጋግ ይለብሳል፤ ቆይቶም የሽቦ መጋጠሚያዎቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። እርጥበቱ መግቢያ አገኘ እንጂ መውጫ የለውም! ስለዚህ ሳጥኑ ይተንፍስ። አየር የሚያሳልፍ፣ ውሃ የማያሳልፍ መተንፈሻ ግጠሙለት፤ ካጣችሁ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ገመዶቹም ከሥር ይግቡ። ከመግቢያው በታች ዝቅ ብለው ቢታጠፉ፣ ዝናቡ በገመዱ ተንሸራቶ እዚያው ይንጠባጠባል።

ሲሊኮኑንም ስትመርጡ አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው መዳብን ይበላል፤ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆንም።

«አይፒ 67 የተባለ ዕቃ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል።»
አይችልም። አይፒ 67 ዕቃው አቧራና ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚገልጽ ደረጃ ነው፤ በውሃ የሚፈተነው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ለ30 ደቂቃ ነው። ኩሬ ውስጥ የሚገባው ሴንሰር ግን ዘወትር እዚያው ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የተለመደ የሙቀት ሴንሰር በብረት ቱቦ ታሽጎ ይሸጣል። ድክመቱ ያለው ብረቱ ላይ ሳይሆን ገመዱ ወደ ቱቦው የሚገባበት አፍ ላይ ነው። እሱን ውስጡ ሙጫ ባለው፣ ሲሞቅ በሚኮማተር ፕላስቲክ ሸፍኑት።

«ስክሪኑ 85 ዲግሪ ካሳየ ሴንሰሩ ተቃጥሏል።»
አትጣሉት! 85 ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ የሚይዘው መነሻ ቁጥር ነው። ልኬቱን ሳይጨርስ ተነቧል፣ አለዚያም ኃይሉ ለአፍታ ተቋርጧል ማለት ነው። በ12 ቢት (በከፍተኛው የልኬት ጥራቱ) ሲለካ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ታገሡት። የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተሩ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ትንሽ ዕቃ) ልኬቱን በሚያስተላልፈው የዳታ ሽቦና በኃይል ሽቦው መካከል በደንብ መያዙንም እዩ።

«ሴንሰሩ የትም ቢገባ ያው ነው።»
ፀሐያማ ቀን ላይ የላይኛው ውሃ ከሥረኛው በግልጽ ይሞቃል። ዓሦቹ በሚውሉበት ጥልቀት፣ ውሃ ከሚገባበት ቱቦ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት።