ፍጹም ቁጥር ምንድን ነው?

ጎንደር ስትነሳ አርባ አራቱ ታቦት አብሮ ይነሳል። እስቲ 44ን ለአፍታ በሒሳብ ዓይን እንየው። ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 4፣ 11 እና 22 ናቸው። ሲደመሩ 40። ከራሱ አነሱ። ጎዶሎ የሚለው ስም ለእነ 3 እና 5 ስለተያዘ፣ እንዲህ ያለውን አናሳ ቁጥር ልበለው። ምደባ ነው እንጂ ክብሩን አይነካም።

ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) የተማረ ሰው ደግሞ 532ን ያውቀዋል። ዐቢይ ቀመር ነው፤ አጽዋማትና በዓላት በዚያው ቀንና በዚያው ዕለት ተመልሰው የሚገጥሙበት የዓመታት ብዛት። የ532 አካፋዮች ከራሱ በቀር ሲደመሩ 588 ይሆናሉ። ከራሱ በለጡ። ትርፍ ቁጥር ነው።

ልክ እኩል የሚመጣው ግን ብርቅ ነው። 6 ማለት 1+2+3 ነው። 28 ደግሞ 1+2+4+7+14። ፍጹም ቁጥር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የፍጹም ቁጥር ብዜት ምንጊዜም ትርፍ ይሆናል። 532ም 28 ሲባዛ በ19 ነው፤ ትርፍነቱ ከዚያ መጣ።

ፍጹም ቁጥር እንዴት ይገኛል? መንገዱን የጻፈልን ግሪካዊው ኤውክሊድ ነው። ከ1 ጀምራችሁ እጥፍ እያደረጋችሁ ደምሩ፦ 1+2+4 እያላችሁ። ድምሩ ፕራይም ከሆነ፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ከሌለው፣ በመጨረሻው ተደማሪ አባዙት። 1+2+4 ሰባት ነው፤ ሰባት በ4 ሲባዛ 28። በዚሁ መንገድ 496 እና 8,128 ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። 255፣ 511፣ 1,023፣ 2,047፣ 4,095፤ አምስቱም ፕራይም አይደሉም። 2,047 በተለይ ያታልላል፤ 23 ሲባዛ በ89 መሆኑ ቶሎ አይታይም። ስድስተኛው 8,191 ነው። እሱ ፕራይም ነው! በ4,096 ስናባዛው አምስተኛው ፍጹም ቁጥር ይወጣል፦ 33,550,336።

እኔ ይህን ቁጥር በጣም እወደዋለሁ። ከራሱ ሌላ 25 አካፋዮች አሉት፤ ደምሯቸው፣ አንድም ሳይጎድል ራሱ ይመጣል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሎሚ ብትደረድሩ፣ በመጀመሪያው ረድፍ 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3 እያላችሁ 8,191ኛው ረድፍ ስትደርሱ፣ የሎሚው ብዛት ልክ 33,550,336 ይሆናል።

ማረጋገጥም ይቻላል። በ2 ክፈሉት። አሁንም ክፈሉት። 12 ጊዜ ከከፈላችሁት በኋላ 8,191 ላይ ይቆማል። የእሱን ፕራይምነት ለማየት እስከ 8,191 ድረስ መሄድ አያስፈልግም። 91 በ91 ሲባዛ 8,281 ስለሆነ፣ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አንዱ ከ91 በታች መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ከ2 እስከ 89 ያሉትን 24 ፕራይም ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። እርሳስና ወረቀት ላለው ተማሪ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።